በፀሐይ የበሰለ ምስር

ጥቅምት 4 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ እሑድ

ዛሬ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ቦሰና ሦስት ጊዜ ቆመች። መጀመሪያ ነጠላዋን የምታስተካክል መሰለች። ቀጥሎ አንዲት የማታውቃትን ሴት አስቁማ ስለ ልጇ ጤና ጠየቀች። ሦስተኛው ላይ ምክንያት አጣችና ግድግዳ ተደገፈች። ደረቷ ያፏጫል። እኔ ሌላ ቦታ የማይ መስዬ ጠበቅኳት። እንዲህ ስሆንላት ደስ የሚላት ይመስለኛል። ጠይቄያት ግን አላውቅም።

ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት ያላትን እዚህ ላስፍረው፤ ለሰው አልተናገርኩም። «እናቴ፣ ሳንባዎ ሠላሳ ዓመት ጭስ ጠጥቷል። ከእንግዲህ ጭስ ያለበት ቤት አይግቡ። ከገቡ የሚመጣውን ክረምት ማለፍዎን እጠራጠራለሁ» ነው ያላት፣ ሳያለሳልስ። ከሆስፒታሉ በር ስንወጣ ቦሰና ሳቀች። «ጭስ የሌለበት ወጥ ቤት የት ነው ያለው ብዬ ልጠይቀው ነበር። ልጅ ሆነብኝና አዘንኩለት» አለችኝ።

በዚህ ወር ከሰል የሚባል ነገር በአብነት ሰፈርም በተክለ ሃይማኖትም ጠፍቷል። ላምባ ለቀበሌው ሱቅ ከመጣ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ወረፋችን ሳይደርስ አለቀ። ስለዚህ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ሰጋቱራ ታነዳለች። ሰጋቱራ ደግሞ ከእሳቱ ጭሱ ይበዛል።

እኔ ሀብተ ማርያም የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት የሰው ጉዳይ ስመዘግብ ኖሬ ስለ ራሴ ቤት አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። ልጆቻችን አግብተው ወጥተዋል። ዛሬ ደብተር የገዛሁት ይህን የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው።

ጥቅምት 7

ላምባ ዛሬም የለም። ቦሰና ከሻይ ቤቱ ባዶ የሻይ ቅጠል ሣጥን ተሸክማ መጥታ አልጋ ሥር ከተተችው። ምንድን ነው ብላት «ሣጥን ነው» አለች።

ጥቅምት 10

የሣጥኑን ነገር ዛሬ ነገረችኝ።

አምና የሴቶች ማኅበር የሰፈሩን ሴቶች ሰብስቦ አንድ ቦታ ወስዷቸው ነበር። እዚያ አንድ መምህር ሣጥን በመስተዋት ከድኖ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ እንቁላል ቀቅሎ አሳያቸው። ሌሎቹ አጨብጭበው ወደየቤታቸው ሄዱ። የእኔ ሚስት ግን ወደ ኋላ ቀርታ ሣጥኑን በስንዝር ለካችው።

«ርዝመቱ ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት፣ ወርዱ ሁለት ስንዝር ተኩል፣ ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት» አለችኝ፣ እንደ ጸሎት በቃሏ። ዓመት ሙሉ በጭንቅላቷ ይዛው ኖራለች። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ገና ቅርብ ጊዜ። እኔ አንድ የመዝገብ ቁጥር በወረቀት ካልያዝኩ ከወንበሬ ተነሥቼ መደርደሪያው ጋ እስክደርስ ይጠፋኛል።

«በፀሐይ ወጥ?» አልኳት። ሳቄ አመለጠኝ።

«ሳቅ» አለችኝ። «ስቀህ ስትጨርስ የድስቶቹን ቂጥ ፋቅልኝ። ጥላሸቱ ያስፈልገኛል።»

ፋቅኩላት። እስከ ክንዴ ጠቆርኩ።

ጥቅምት 14

ከሥራ በኋላ አብነት፣ መሐሙድ ቆርቆሮ ቤት አብሬያት ሄድኩ። መሐሙድ ከወራቤ የመጣ፣ ባልዲና ማንቆርቆሪያ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ቦሰና በሣጥኑ ልክ ውስጡን በላሜራ እንዲያለብስላት ነገረችው።

«እሺ እትዬ ቦሰና። እሳቱ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

«እሳት የለውም።»

«ጭሱስ በየት ይወጣል?»

«ጭስም የለውም።»

መሐሙድ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ቦሰና ምንም ሳትል እጁን ይዛ ወደ ደጅ ወሰደችው። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ላሜራ ግድግዳው ሥር ነበረ። መዳፉን እዚያ ላይ አሳረፈችው። «አላህ!» ብሎ እጁን ነጠቀ።

«ይኼ እንግዲህ ሜዳ ላይ ተጥሎ ነው» አለችው። «እኔ ደግሞ ሣጥን ውስጥ እዘጋበታለሁ።»

መሐሙድ መዳፉን አሻሸ። ከዚያ የጀመረውን ማንቆርቆሪያ ወደ ጎን ገፋና መቀሱን አነሣ። «ሲበስል ትጠሩኛላችሁ» ነበር ያለው።

ሰው እንዲህ ሲያምናት አይቼ ኩራት ተሰማኝ። እኔ ግን ገና አላመንኩም ነበር።

ጥቅምት 18፣ እሑድ

የመጀመሪያው ሙከራ። አልሆነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንጨቱና በላሜራው መሐል የአሮጌ ፍራሽ ጥጥ ጠቅጥቃበታለች። ላሜራው በጥላሸት ጠቁሯል። ላዩ ላይ የመስኮት መስተዋት አለ። ከኋላ የቆመው ክዳን ከሲጋራ ፓኮ በተለቀመ ብርማ ወረቀት ተለብጧል፤ የፀሐይዋን ብርሃን ወደ ሣጥኑ የሚመልሰው እሱ ነው። ጠርዙ ላይ አንዲት ምስማር ቀጥ ብላ ቆማለች። «ምስማሯ ጥላ ካልጣለች ሣጥኑ ፀሐይዋን ፊት ለፊት እያየ ነው። ጥላ ከጣለች አዙረው» ትላለች። ይህን መምህሩ አላሳያቸውም። የራሷ ነው።

ድንች ከታ ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ጠበቀች። ድንቹ ከላይ ለስልሶ ከውስጥ ጥሬ ሆነ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ጠጅቱ በቆርቆሮው አጥር በኩል አንገቷን አስግጋ፣ «እሜቴ፣ ድንቹን ልታበስይው ነው ወይስ ልታሞቂው?» ብላ ሳቀች። እኔ አፍሬ ወደ ቤት ገባሁ። ቦሰና እዚያው ቁጢጥ ብላ ጥሬውን ድንች ስትበላው በመስኮት አየኋት። እያኘከች መስተዋቱን በመዳፏ ትዳስሳለች።

«ሙቀቱ በላይ ነው የሚያመልጠው» አለችኝ ስትገባ። «መስተዋቱ ሁለት መሆን አለበት።»

ጥቅምት 20

መስተዋት ከየት ይመጣል? ሁለት ቀን ዞረች፣ አጣች። ዛሬ ምሳ ስንበላ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ሲቆም አየሁ። ግድግዳው ላይ ለሃያ ዓመት አገልግሎት የተሰጠኝ የምስክር ወረቀት አለ፣ በመስተዋት ፍሬም።

«አይሆንም» አልኳት፣ ገና ሳትጠይቀኝ።

«ምንም አላልኩም።»

ስለዚያ ወረቀት ሰው ይስቅብኝ ይሆናል። ግን በዚህ ቤት ስሜ በትልቁ የተጻፈበት ሌላ ነገር የለም።

ማታ ተኝታ ስትተነፍስ ሰማኋት። የዛገ በር እንደሚጎተት ያለ ድምፅ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት መስተዋቱን ራሴ ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ። ምንም አልላትም።

ጥቅምት 25፣ እሑድ

በሰለ!

በሦስት ሰዓት ተኩል ክክ ምስር፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ዘይትና ውኃ በአንድነት ጥቁሯ ድስት ውስጥ ከታ ሣጥኑ ውስጥ ዘጋችው። ሳታማስል፣ ሳትነካው። በየመሐሉ እየመጣች ምስማሯን ታይና ሣጥኑን በጉልበቷ ገፋ ታደርገዋለች። በዚህ ሁሉ ሰዓት ልብስ አጠበች፣ ሰላምታ ተለዋወጠች፣ ከእኔ ጋር ተቀምጣ አወራች። ከመጋባታችን ጀምሮ ምሳ ከመድረሱ በፊት አብራኝ ተቀምጣ ያወራችበት ቀን አላስታውስም። ወጥ ቤት ነበረች። ሁልጊዜ ወጥ ቤት ነበረች።

ስድስት ተኩል ላይ መስተዋቱ በእንፋሎት ታወረ። ሰባት ሰዓት ላይ በጨርቅ ይዛ ድስቱን አወጣችው። ሲከፈት ሽታው እስከ አጥር ደረሰ። ምስሩ ቀልጧል።

መሐሙድ ተጠርቶ መጣ። አንድ ጉርሻ ጎርሶ ሣጥኑን ዞሮ አየው፤ ጎንበስ ብሎ ከሥሩም አየ። «እሳት የለም» አለ፣ ለራሱ። ሁለተኛ ጎረሰ። «ወላሂ እሳት የለም።»

እንጀራ በዚህ አይጋገርም፤ ሣጥኑ ያን ያህል አይግልም። ለእሱም መላ ዘይዳለች። ወይዘሮ ጠጅቱ ስትጋግር ለእኛም ትጋግርልናለች፤ ቦሰና ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ወጥ ትሠራላታለች። በድንቹ የሳቀችው ጠጅቱ ተስማማች!

ዛሬ ሚስቴን ላመሰግናት ፈልጌ «ጥሩ ነው» ብቻ አልኩ።

ኅዳር 1፣ የልደታ ዕለት

ቤተ ክርስቲያን ሄደን ተመለስን። አንዴም አልቆመችም። ዳገቷ ላይ ቀድማኝ ሄዳ ዞር ብላ «ምነው አረጀህ እንዴ?» አለችኝ። ደረቷ ዝም ብሏል።

አንድ ሳምንት ብቻ ነው ያለ ጭስ የኖረችው። አንድ ሳምንት!

ኅዳር 4

ግቢያችን የሰው መዋያ ሆኗል። ሴቶች ድንች ይዘው፣ ጎመን ይዘው ይመጣሉ። ቦሰና ለሁሉም ከመጀመሪያው ታስረዳለች፤ አይታክታትም። አንዷ «ደመና ከሆነስ?» አለቻት። «ያን ቀን ቆሎ ትበያለሽ» ብላ መለሰችላት።

ጠጅቱ ለአንዲት ሴት በሹክሹክታ ስትናገር ሰማሁ። «በዚህች ፀሐይ ወሎ ሰው እያለቀ እሷ ወጥ ትሠራባታለች። ደግ ነገር አይደለም።» ስለ ድርቁ ሰው ሁሉ የሚያወራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ነገሩ አስጨነቀኝና ለቦሰና ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇን አቆመች።

«የእናቴ ዘመዶች እዚያ ናቸው» አለች። «ፀሐይዋን እኔ አልጠራኋትም። ከመጣች ግን የሰው እንጨት ከምጨርስ እሷ ትሥራልኝ።»

ሌላው የሰማሁት፦ ክዳኑ ከሩቅ ያብረቀርቃል፤ ከዋናው መንገድ ይታያል ይላሉ። ዝቅ አድርጊው ብያታለሁ። ዝቅ ካለ አይሠራም አለች።

ኅዳር 6

ሣጥኑን ወሰዱት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ደጉና ሁለት አብዮት ጠባቂዎች። ለምሳ ቤት ነበርኩ። በመስተዋት ምልክት ይሰጣል የሚል ጥቆማ ደረሰን አሉ። ለማን ምልክት? ይህን አልጠየቅኩም።

ዛሬ ብዙ አልጽፍም።

ኅዳር 7

በ1970 ዓ.ም. መዝገብ ቤት ጎኔ ይቀመጥ የነበረው ፍሰሐ ለምሳ እንደወጣ አልተመለሰም። ወንበሩ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። የጠፋው በምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የሚጠይቅም የለም። ይህን የምጽፈው ትናንት የሆነውን ለሚያነብ ሰው ነው። የሚያነበው ማን ነው? ማንም የለም።

የመንግሥት ሠራተኛ መጠንቀቅ አለበት። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት ቀርቶኛል። ቦሰና ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች፤ የተነጋገርነውን አልሰማችም።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ወደ ሰጋቱራው ተመለሰች። በሩን ከፍተሽ አንድጂ አልኳት። ከፍታ ነው የምታነደው። ሌሊቱን ተቀምጣ አደረች፤ ስትተኛ ያፍናታል። እኔም ቁጭ ብዬ አደርኩ። ስለ ሣጥኑ አንዴም አላነሣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በምን ትቆጣኛለች? አልሰማችም።

ኅዳር 11

መሐሙድ መጣ። «ጋሼ፣ ሄደን እንጠይቅ እንጂ» አለኝ። ጊዜው ይለፍ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ ብቻዬን ልሂድ?» አለ። እስከ በር ሸኘሁት።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። እንደየዓመቱ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ደጁ ላይ ቆልሎ አቃጠለ። ከጠዋት ጀምሮ ልደታ በጭስ ተሸፍኗል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት እንኳ አይታይም። መስኮቱን በጨርቅ ደፈንኩ። ጭሱ በበሩ ሥር ገባ። አምስት ሰዓት ላይ ከንፈሯ ጠቆረ። መናገር አቃታት፤ እጄን ብቻ ጨበጠችኝ። መሐሙድ ታክሲ አስቁሞ አቅፎ አስገባት። ሆስፒታል ነን። ይህን የምጽፈው ኮሪደር ላይ ነው።

ኅዳር 13

ኦክስጅን ተደርጎላታል። ዓይኗን ገልጣ «ምሳ በላህ?» አለችኝ። ይህች ሴት!

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

ጾም ገባ። ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ ባዶ ቤት ተቀምጫለሁ። ሣጥኑ የተወሰደ ቀን የሆነውን እንደሆነው ካልጻፍኩት ይህ ደብተር ከንቱ ነው።

ጓድ ደጉ ሣጥኑን በእግሩ ነካ አድርጎ «ይኼ የማን ነው?» አለኝ። እኔም «አላውቅም፤ እኔ ቢሮ ነው የምውለው» አልኩ። «ሚስትህ ናት የሠራችው?» ሲለኝ ደግሞ፣ «ሴቶች የሚያመጡትን ነገር ሁሉ እኔ አላውቅም፤ ውሰዱት» አልኩት። ውሰዱት ያልኩት እኔ ነኝ። ምናልባት አይወስዱትም ነበር።

ከዓመት ያላነሰ በጭንቅላቷ የተሸከመችውን፣ በእጇ የሠራችውን፣ እስትንፋሷን የመለሰላትን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ሰጠኋቸው። ከዚያ ሄጄ መዝገብ አስተካከልኩ።

ሰኞ እሄዳለሁ። ጻፍኩት እንግዲህ።

ኅዳር 17፣ ሰኞ

ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ በሦስት ሰዓት ቀበሌ ሄድኩ። መሐሙድ በር ላይ ጠበቀኝ፤ አልቀጠርኩትም ነበር። ጓድ ደጉ ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሱሪዬን አሳጥሮልኝ ያውቃል። ዛሬ ግን ጠረጴዛው ፊት እንደ ተከሳሽ ቆምኩ።

«ምን ፈለግህ፣ ጓድ ሀብተ ማርያም?»

«ሣጥኑን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«አላውቀውም ብለህ አልነበረም እንዴ?»

«ዋሽቻለሁ። የባለቤቴ ነው። እሷ ናት የሠራችው። እኔም አውቃለሁ፤ አንደኛው መስተዋት የእኔ ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «መዋሸትህን በራስህ አንደበት ነው የምትመሰክረው። ልጻፈው?»

የተጻፈ ነገር ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። «ይጻፉት» አልኩ።

አልጻፈም። ባለቤቴ የት እንደሆነች ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ወጥ ማብሰያ ነው ያልከውን እዚሁ ግቢ አሳየኝ። ከበሰለ ትወስደዋለህ። ካልበሰለ አንተም ሣጥኑም እዚሁ ትቆያላችሁ» አለ።

ሣጥኑን ከዕቃ ቤት አወጡት። አንዱ መስተዋት ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ብርማ ወረቀቱ ተልጧል። መሐሙድ ስንጥቁን በሊጥ ደፈነ፣ ወረቀቱን መልሶ ለጠፈ። እኔ ከቤት ምስር፣ ሽንኩርትና ጥቁሯን ድስት አመጣሁ። ከዚያ ድስቱን ይዤ ቆምኩ። ውኃው ስንት ነበር? ሽንኩርቱ ከላይ ነው ከታች? ሁለት እሑድ ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ አየሁ እንጂ አልተማርኩም። ዓይኔን ጨፍኜ እጆቿን ለማስታወስ ሞከርኩ። ጣቷን ምስሩ ላይ አቁማ እስከ ሁለተኛው አንጓ ነበር ውኃ የምትጨምረው። እንደሷ አደረግኩ።

አራት ሰዓት ላይ ዘጋሁት። ምስማሯ ጥላ ስትጥል ሣጥኑን እገፋለሁ። ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ አይደለም። ትንሽ ሲያልፍ ብርሃኑ ከድስቱ ይሸሻል። እሷ ይህን ልብስ እያጠበች፣ ከሰው ጋር እየተሳሳቀች ነበር የምታደርገው። እኔ ሌላ ሥራ ሳይኖረኝ ሁለቴ አበላሸሁት።

ስድስት ሰዓት ላይ ደመና መጣ። አንደኛው አብዮት ጠባቂ «ጋሼ፣ ይኼ ነገር ከበሰለ እኔ ጠመንጃዬን ጥጄ እበላለሁ» አለኝ። መሐሙድ መስተዋቱን በጨርቅ ሸፈነው፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሁላችንም ሰማይ ሰማይ እናያለን፤ ጓድ ደጉም በመስኮት ያያል። ደመናው አለፈ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሊቀ መንበሩ ራሱ ወጥቶ መስተዋቱን አነሣ። እንፋሎቱ ጣቱን ፈጀውና እጁን አራገበ። ድስቱ ተከፈተ። ቁራሽ እንጀራ አመጡለት። ጎረሰ። አኘከ።

«ጨው የለውም» አለ።

እውነቱን ነው፤ ረስቻለሁ። እሱ ግን ሁለተኛም ሦስተኛም ጎረሰ። ከዚያ አፉን ጠርጎ ወደ ሣጥኑ አየ። «የኔ እናት ዓይኗ የጠፋው በጭስ ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ጠባቂዎቹ እንዳይሰሙት። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ውሰደው። ክዳኑ ወደ መንገድ እንዳይዞር። ሚስትህ ስትድን ደግሞ ትምጣና ለሕፃናት ማቆያው ታሳየን» አለ።

መሐሙድና እኔ ሣጥኑን እስከ ቤት በየተራ ተሸከምነው። መንገድ ላይ ሰው ምንድን ነው ሲለን እኔ ነኝ የመለስኩት። «ባለቤቴ የሠራችው የፀሐይ ምድጃ ነው።» ለአምስት ሰው ነገርኩ። ከአምስተኛው በኋላ መሐሙድ ሳቁ አሸነፈው።

ኅዳር 18

ዛሬ ጠዋት እንደገና ምስር ሠራሁ፣ በጨው። በትንሽ ሣህን ከድኜ ሆስፒታል ወሰድኩላት። ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ክዳኑን ስትከፍተው አሸተተች።

«ጭስ አይሸትም» አለች።

«አዎ።»

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

ጎረሰች። «ውኃ አብዝተሃል» ብላ ቀጠለች። አንዲት ፍሬ አላስተረፈችም። አጠገቧ የተኛችው ሴት በምን እንደበሰለ ስትጠይቅ ነገርኳት፤ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ ነገርኳት። የሣጥኑን ልክ አልጋዋ ላይ በስንዝር ለክቼ አሳየሁ። ቦሰና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

ሴቶቹ ዝም ሲሉ ቀረብ አልኳት። «ቦሴ፣ ሣጥኑን የወሰዱ ቀን አንድ ነገር ተናግሬያለሁ...»

«ሰምቻለሁ» አለችኝ። «በሩ ጀርባ ነበርኩ።»

አሥራ ሁለት ቀን! በዚያ ሁሉ ሳል፣ በዚያ ሁሉ ሌሊት አውቃ ነው አጠገቤ የተቀመጠችው።

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ፈርተህ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር። እኔም እኮ ከበሩ ጀርባ አልወጣሁም።» እጄን ይዛ ገለበጠችው፤ መዳፌ ላይ ጥላሸት ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

ኅዳር 27

ቤት ገባች። ሐኪሙ ለእኔ ለብቻዬ የነገረኝ፦ ሳንባዋ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ከጭስ ከራቀች ግን ብዙ ዓመት ትኖራለች። «ከጭስ መራቅ ትችላለች?» ብሎ ጠየቀኝ፣ እንደማይቻል እያወቀ በሚመስል ድምፅ። «ትችላለች» አልኩት። «መጥተህ እይ።» አድራሻችንን ጻፍኩለት።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

ዛሬ አሥራ አንድ ሴቶች ግቢያችን መጡ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሣጥን ሊሠሩ። መሐሙድ ላሜራ ቆርጦ አመጣ። ቦሰና መሐላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዛለች። ትንፋሽ ሲያጥራት ታርፋለች፤ ሁሉም ይጠብቋታል።

ቀድማ የመጣችው ጠጅቱ ናት። ጥቆማውን ለቀበሌው ማን እንዳደረሰ ከሰው ሰምቼ ካወቅኩ ሰንብቻለሁ። ቦሰናን ጠጋ ብዬ «የጠቆመችው እሷ እንደሆነች ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ወጥ ቤቷን ግን አይተኸዋል? ከእኛ የባሰ ጨለማ ነው። መስኮት የለውም።» ተነሥታም ጠጅቱን ከሁሉ ፊት፣ ላሜራው ጥሩ ሆኖ የሚታይበት ቦታ ላይ አስቀመጠቻት። ጠጅቱ አቀርቅራ ጥጥ ትጠቀጥቅ ጀመር። ትንሽ ቆይታ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

ሴቶቹ ልኩ እየጠፋባቸው ተቸገሩ። የአንዷ ስንዝር ከሌላዋ አይገጥምም። ቦሰና ወደ እኔ ዞረች።

«ሀብቴ፣ ወረቀት አምጣ። እኔ ልንገርህ፣ አንተ ጻፍ።»

ከመዝገብ ቤት የለመድኩትን ጽሕፈት ጻፍኩ፣ በትልቁ፣ መሠረተ ትምህርት የተማረ ሁሉ እንዲያነበው። ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ጥልቀቱን ነገረችኝ። ጥጡ ምን ያህል እንደሚጠቀጠቅ፣ በሁለቱ መስተዋቶች መሐል ስንት ጣት ክፍተት እንደሚተው፣ ምስማሯ የት እንደምትቆም። አንዴ ስሕተት ጻፍኩና «አይደለም፣ ሰርዘው» አለችኝ። ዳኞች እንኳ እንዲህ አዝዘውኝ አያውቁም። ሰረዝኩ።

ሲያልቅ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፤ አንዲትም አልጎደለም አለች። «ከላይ ስምሽን ልጻፍበት?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ስም ለምን ያስፈልገዋል? ምስር እንደሆነ ያለ ስምም ይበስላል» ብላ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።

እኔ ግን ብዕሬን አንሥቼ በትልልቁ ፊደል ጻፍኩት፦ ይህን የፀሐይ ምድጃ ያዘጋጀችው ወይዘሮ ቦሰና ናት። ወረቀቱንም ግቢው በር ላይ፣ አላፊ አግዳሚ እንዲያነበው፣ በአራት ምስማር መታሁት።